ቍስል ከዳነ በኋላ ስለሚቀር ሕመም

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ምግብ አዘገጃጀት ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ግን ብዙ ሰው በሥጋው እያወቀው በአፉ ስለማይናገረው ነገር ነው። ይኸውም ሰው ታላቅ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፤ ቍስሉ ጠግጎ፤ የተሰፋበት ክር ወጥቶ፤ ዘመድ ወዳጁም ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብሎ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ፤ በጠባሳው ሥር ተደብቆ ስለሚቀረው ሕመም ነው።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ የምጽፈውን ማንም ሰው በሐኪሙ ትእዛዝ ፋንታ አድርጎ እንዳይወስደው አስቀድሜ እለምናለሁ። ነገር ግን ከ20 ዓመት በላይ የምስክር ቃል ስጽፍ ስለ ኖርሁ፤ ሰው የደረሰበትን ነገር እንዴት እንደሚናገርና እንዴትስ እንደሚደብቅ ጥቂት ሳላውቅ አልቀረሁም። ነገሩ በራሴ ላይ በደረሰ ጊዜ ግን፤ በችሎት ከሰማኋቸው ምስክሮች ሁሉ ይልቅ የማልረባ ምስክር እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ሁለት ዓመት ያህል በቀኝ ጎኔ ከጎድኔ ሥር እየተነሣ ወደ ትከሻዬ የሚወጣ ሕመም ነበረብኝ። ቅቤ የበዛበት ወጥ በበላሁ ሌሊት ይብስብኝ ነበር። ምች ነው ያለኝም ነበረ፤ መጋኛ ነው ያለኝም ነበረ፤ እኔም ሥራ በዛብኝ እያልሁ ወደ ሐኪም መሄዱን እንደ ክፉ ባለ ዕዳ ከወር ወደ ወር ስቀጥረው ቆየሁ። በመጨረሻ ትኩሳት ጥሎኝ በሰው ተደግፌ ሐኪም ቤት ገባሁ፤ ሲመረመርም በሐሞት ከረጢት ውስጥ የተጠራቀመ ጠጠር ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ይህን ከረጢት በሆድ ላይ ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ከፍተው፤ ወደ ውስጥ በሚገባ ቀጭን መነጽር እያዩ ያወጡታል። የኔ ግን በመዘግየቴ ምክንያት መግሎ ከአጠገቡ ካለው ሥጋ ጋራ ተጣብቆ ስለ ነበረ፤ ከጎድኔ ሥር አንድ ስንዝር ያህል ቀድደው ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ሕይወቴንም አተረፉልኝ። በዘጠነኛው ቀን በእግሬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ስለ መቀደዱ ሰዓት የምነግራችሁ የለኝም፤ በማደንዘዣ ተኝቼ ነበርና። ይህ እንቅልፍ ምን ያህል ታላቅ ስጦታ እንደ ሆነ ለማወቅ የሚወድ ሰው የእንግሊዛዊቱን ደራሲ የፋኒ በርኒን ታሪክ ይመልከት። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1811 ዓመት በፓሪስ ከተማ፤ የናፖሌዎን ጭፍሮች ሐኪም የነበረው ላሬ ጡትዋን ቈርጦ ሲያወጣላት፤ ማደንዘዣ ገና ያልተገኘበት ዘመን ነበረና ነቅታ ሁሉን ታውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራ በ1840 ዓመት ሞተች። ለእኅትዋ በጻፈችው ደብዳቤ ግን፤ ቍስሉ ከዳነ በኋላም ብዙ ወራት ድረስ ያን ቀን እንደ ገና ሳትሠቃይበት ልትናገረው እንዳልቻለች ገልጻለች። በ1846 ዓመት በአሜሪካ በቦስተን ከተማ፤ ሞርተን የሚባለው የጥርስ ሐኪም በሐኪሞች ጉባኤ ፊት በሽተኛን በኤቴር ካስተኛ ወዲህ፤ በመቀደድ ሰዓት የሚመጣው ሕመም ድል ተነሣ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ዛሬም ከበሽተኛው ጋራ አብሮ ወደ ቤት ይገባል።

የመጀመሪያው ወር ሕመም የታወቀ ነው፤ በሽተኛውም ቤተ ሰቡም ይጠብቁታል። በዚያ ጊዜ አንዲት ነርስ ያስተማረችኝን እዚህ ልጻፈው፤ ከመድኃኒቱ የማያንስ ጥቅም አግኝቼበታለሁና። ከአልጋ ሲነሡ እንደ ጤነኛ ሰው ቀጥ ብሎ መነሣት አይገባም፤ ጉልበትን አጥፎ፤ ሰውነትን እንደ ግንድ ባንድነት ወደ ጎን አገላብጦ፤ እግርን ከአልጋ አውርዶ፤ ከዚያ በክንድ ተደግፎ መነሣት ነው። ሳል ሲመጣ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ በቍስሉ ላይ አቅፎ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው፤ ሕመሙን ፈርቶ ሳልን ማፈንና ትንፋሽን ማሳጠር የሳምባ በሽታ ያመጣልና። የታዘዘውንም ማስታገሻ ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠብቁ በሰዓቱ መዋጥ ነው። «እሳቱ ጣራ ላይ ከወጣ በኋላ ከማጥፋት፤ ፍም ሳለ ማዳፈን አይቀልም?» አለችኝ። የቀድሞ ሐኪሞች የተቀደደ ሰው ብዙ ቀን ከአልጋ እንዳይነሣ ያዝዙ ነበር፤ ዛሬ ግን ተኝቶ መቆየት በእግር ውስጥ ደም እንደሚያረጋና ሳምባን እንደሚያደክም ስለ ታወቀ፤ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ያስነሡታል። እኔንም በማግሥቱ አስነሥተው ከአልጋው እስከ በሩ አስኬዱኝ፤ ያች ጥቂት እርምጃ ከአዲስ አበባ እስከ እንጦጦ የሄድሁ ያህል አደከመችኝ።

ጭንቁ የመጣው በሦስተኛው ወር ነው። ጠባሳው ደርቋል፤ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ ያየኝ ሁሉ «ፊትህ በራ» ይለኛል። ነገር ግን ከጠባሳው አጠገብ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ በጣት ሲጫኑት የደነዘዘ ሆኖ ሳለ፤ ሸሚዝ ሲነካው እንደ ሳማ ይለበልበኝ ነበር። በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ ባጎነበስሁ ጊዜ ከሆዴ ወደ ጀርባዬ አንድ ክር የሚሳብ ይመስለኝ ነበር። ሌሊት በቀኝ ጎኔ መተኛት አልቻልሁም።

ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገርሁም። በአገራችን ልማድ ለጠያቂ የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «እንዴት ነህ፤ ተሻለህ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ይህ መልስ መልካም ነው፤ እኔም ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ከሞት ተርፌአለሁና። ነገር ግን ምስጋና ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም። አንድ ምስክር በችሎት ቆሞ «የወደቀው ሰው እንዴት ነበረ?» ተብሎ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ቢቀመጥ ዳኛው ምን ይፈርዳል? እኔ ግን በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሙ «ሕመሙ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ለጎረቤቴ የምመልሰውን መልስ መለስሁለት። እርሱም «ደህና ነው» ብሎ በመዝገቡ ጻፈ። በዚህ ልነቅፈው አልችልም፤ እኔም በሥራዬ የምጽፈው የተነገረኝን ነው።

ያፈርሁበትም ነገር ነበረ። አያቴ በጦርነት ላይ ጥይት በጭኑ ገብቶ ሳለ ሁለት ቀን በበቅሎ እንደ ተጓዘ እየተነገረኝ ያደግሁ ሰው፤ ሸሚዝ ለበለበኝ ብዬ እንዴት ልናገር? በቤታችሁ እንዲህ ያለ ታሪክ ያላችሁ አንባቢዎች ብዙ እንደምትሆኑ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በኋላ ያገኘሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1944 ዓመት በኢጣልያ አገር በአንዚዮ በተደረገው ውጊያ፤ ቢቸር የሚባለው አሜሪካዊ ሐኪም የቈሰሉትን ወታደሮች ማስታገሻ ትፈልጋላችሁን እያለ ይጠይቅ ነበር። ክፉ ቍስል ከቈሰሉት አብዛኞቹ አንፈልግም አሉት። በኋላ በሰላም አገር በሐኪም ቤት የተቀደዱትን ሰዎች ሲጠይቅ ግን፤ ቍስላቸው ከወታደሮቹ ያነሰ ሆኖ ሳለ አብዛኞቹ ማስታገሻ ይፈልጉ ነበር። እነዚህ ፈሪዎች እነዚያ ጀግኖች ስለ ሆኑ አይደለም። ለወታደሩ ቍስሉ ከሞት ወጥቶ ወደ አገሩ የሚመለስበት ደብዳቤ ነው፤ ለሌላው ግን ሥራውንና ቤቱን የሚያፈርስ መከራ ነው። የሕመም መጠን በቍስል ስፋት እንደማይለካ ቢቸር የተረዳው ከዚህ ነው። አያቴም ጭኑን ይዞ በበቅሎ የተጓዘው ወደ ቤቱ ነበረ፤ ቤቱ ከደረሰ በኋላ እንዴት እንደ ሰነበተ ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የደበቅሁት ሕመም ግን ተደብቆ አልተቀመጠም፤ በሌላ በር ወጣ። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ገብቼ በተቀመጥሁበት የአምስት ዓመት ልጄ እንደ ልማድዋ ሮጣ መጥታ በጭኔ ላይ ዘለለች፤ ክንድዋም ጠባሳዬን መታው። ሳላስበው ገፍትሬ ጮኽሁባት። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ ወደ እናትዋ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስገባ በሩ አጠገብ ቆማ በሩቅ እጅ ትነሣኝ ጀመር። በችሎት ብዙ ክፉ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከዚህ የባሰው በመኝታ ቤት ነበረ። በግራ ጎኔ ብቻ ስለምተኛ፤ አልጋውም በቆመበት አኳኋን ምክንያት፤ ሁለት ወር ሙሉ ጀርባዬን ለባለቤቴ ሰጥቼ አድር ነበር። እኔ ስለ ጎኔ ስጨነቅ ይህን ከቶ አላሰብሁትም። አንድ ሌሊት በጨለማ ውስጥ «ጌታዬ፤ ከሐኪም ቤት ከተመለሱ ወዲህ ፊትዎን ከኔ አዙረዋል፤ ጥፋቴ ምን እንደ ሆነ ይንገሩኝ» አለችኝ። በዚያ ጊዜ ሁሉን ነገርኋት። መብራት አብርታ ጠባሳውን አየችው፤ ከሐኪም ቤት ከወጣሁ ወዲህ አላሳየኋትም ነበር። ከዚያም ብዙ ሳትናገር ተነሥታ ትራሶቹን አነሣችና የአልጋውን ቦታ ተለዋወጥን። ይህ ሁለት ወር ያልታየኝ መድኃኒት ነበረ።

በማግሥቱ ልጄን ጠርቼ በሸሚዜ ላይ ጠባሳው ያለበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋትና «ይህ ወገን ታሟል፤ ይህ ወገን ግን ያንቺ ነው» ብዬ ግራ ጎኔን ሰጠኋት። እስከ ዛሬ በዚያ ወገን ትቀመጣለች፤ እንግዳ ልጅ ሲመጣም የትኛው ወገን የማን እንደ ሆነ እርስዋ ትነግረዋለች።

ከዚህ በኋላ ባለቤቴ «እርስዎ የሰውን ሁሉ ቃል ይጽፋሉ፤ የራስዎን ለምን አይጽፉም?» ስላለችኝ አንድ ደብተር አወጣሁ። ምስክር ሲናገር ቀኑን፤ ሰዓቱንና ስፍራውን ካልተናገረ ቃሉ ዋጋ የለውምና፤ እኔም እንዲሁ አደረግሁ፤ ሕመሙ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደ፤ በስንት ሰዓት እንደ መጣ፤ ምን ሳደርግ እንደ ጀመረኝ፤ ምን ሳደርግ እንደ ቀለለኝ ጻፍሁ። የሕመሙንም ዓይነት ጻፍሁ። ቋንቋችን በዚህ ነገር ምን ያህል ባለጸጋ እንደ ሆነ የተረዳሁት በዚያ ጊዜ ነው። ሕመም ይወጋል፤ ይጠዘጥዛል፤ ይቈረጥማል፤ ይለበልባል፤ ይነዝራል፤ ይከብዳል፤ እነዚህም አንዱ በሌላው ቦታ የሚገቡ ቃላት አይደሉም። ሰው ግን ይህን ሁሉ መዝገብ ትቶ «አመመኝ» ብቻ ይላል። እኔ ከምሳ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ከጻፍሁ በኋላ ይሳብብኛል፤ ሸሚዝ ሲነካኝ ይለበልበኛል፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ይነዝረኛል ብዬ ጻፍሁ። ሌሊቱን ግን ተኝቼ የማላውቀው ነገር ስለ ነበረ፤ ባለቤቴ በበኩልዋ በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ስትጽፍ ነበር። እኔ «ሁለት ጊዜ ነቃሁ» ባልሁበት ሌሊት እርስዋ «አምስት ጊዜ አቃሰቱ» ብላ ጽፋለች።

ሁለቱንም ቃል ይዘን አብረን ወደ ሐኪሙ ሄድን። እርሱ የኔን ገጽ አየት አድርጎ የርስዋን ገጽ በደንብ አነበበው። ከዚያም ነገሩን አስረዳን። በሚቀደዱበት ጊዜ ከጎድን ሥር የሚያልፉት፤ ነርቭ የሚባሉት ቀጫጭን የስሜት ክሮች አንዳንዶቹ ይቈረጣሉ ወይም ይጨፈለቃሉ። ቍስሉ ከዳነ በኋላም ከእነርሱ አንዳንዶቹ አደጋው ገና እንዳላለፈ ሁሉ ወደ አንጎል ወሬ መላካቸውን አይተዉም። ነገሩ ተፈርዶ ሳለ ሳይዘጋ እንደ ቀረ መዝገብ ነው ብዬ ተረዳሁት። የሚለበልብና የሚነዝር ሕመም፤ በተለይም ቦታው ሲጫኑት ደንዝዞ ልብስ ሲነካው የሚያቃጥል ከሆነ፤ የነርቭ ሕመም መሆኑን ያመለክታል አለን። «ይህን በሦስተኛው ወር ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ጊዜ መድኃኒቱን እጀምርልዎ ነበር» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም።

በኋላ እንዳነበብሁት ሕመሙ የኔ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓመት በብሪታንያ ሐኪሞች፤ የማይለቅ ሕመም ወደሚታከምባቸው ሐኪም ቤቶች የመጡትን 5130 ሰዎች መርምረው፤ ከመቶ 22 ተኩል የሚሆኑት ለሕመማቸው ቀዶ ጥገና ምክንያት ሆኖ እንዳገኙ ጽፈዋል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ከሦስት ወር አልፎ የሚቆይ ሕመምም ዛሬ በዓለም የጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የራሱ ስም አለው። ደረትን፤ ጡትን፤ ብሽሽትን ወይም እግርን በተቀደዱ ሰዎች ላይ ይበዛል።

መድኃኒቱን በተቀበልሁ ጊዜ ደግሞ ሌላ ሞኝነት ሠራሁ። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ትንሽ ክኒን ማታ ማታ እንድውጥ አዘዘልኝ። በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ባነብበው ይህ መድኃኒት ልቡ በኀዘን ለታመመ ሰው የተሠራ መሆኑን አየሁና «እኔ ጎኔን እንጂ አእምሮዬን አልታመምሁም» ብዬ አንድ ሳምንት በመሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥሁት። በስልክ ብጠይቀው ሳቀና፤ ይህ መድኃኒት በጥቂቱ ሲወሰድ የነርቭን ጩኸት ዝም የሚያሰኝ መሆኑን፤ ሥራውም ባንድ ሌሊት ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ የሚታይ መሆኑን ነገረኝ። እንዲሁም ሆነ። አፍ ያደርቃል፤ ጧት ጧትም ጥቂት ያስንቃል፤ ግን በአራተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ።

ሞርፊንንና እርሱን የሚመስሉትን፤ ከአፒየም ወገን የሆኑትን ብርቱ መድኃኒቶች በሚመለከት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐኪም ሲያዝዛቸው ልማድ ይሆንብኛል ብሎ ፈርቶ መሠቃየት ስሕተት ነው። ሐኪም ተዋቸው ካለ በኋላ ደብቆ ማቆየት ወይም «እኔን ጠቅሞኛል» ብሎ ለጎረቤት መስጠት ግን ከዚያ የከፋ ስሕተት ነው። ሆድም ያደርቃሉ፤ የሆድ ዕቃ ለተቀደደ ሰው ማማጥ ምን ያህል እንደሚያምም አትጠይቁኝ። ውኃ አብዝቶ መጠጣትና ለዚሁ የሚሆነውን መድኃኒት ከሐኪም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ቀላል ነው የሚባለው ፓራሲታሞል እንኳ ልክ አለው፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ ለጎልማሳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ እንዳያልፍ ነው፤ ከዚህ ያለፈ ጉበትን ይጎዳል። ጉበቱ ደካማ የሆነ ወይም መጠጥ የሚያበዛ ሰው ደግሞ ከዚያ በታች ስለሚሆን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ዘመዶቼ «የታሰረውን ይፈታልህ» ብለው ወጌሻ አምጥተውልኝ ነበር። ሰውየው በሙያው የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን የተቀደደ ሆድ የወለቀ ክንድ አይደለምና አመስግኜ ቡና አጠጥቼ ሸኘሁት። ሐኪሙ ያዘዘኝ ማሻሸት ሌላ ነው፤ ጠባሳው ፈጽሞ ከዳነ በኋላ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ በጥጥ ቀስ ብሎ ማሻሸት፤ ያ ሲለመድ በነጠላ ጫፍ፤ ከዚያም ሸካራ በሆነ ጨርቅ ማድረግ ነው። ሜልዛክ የሚባለው የካናዳ ሊቅና ዎል የሚባለው እንግሊዛዊ በ1965 ዓመት እንዳስረዱት፤ በጀርባ አጥንት ውስጥ ወደ አንጎል የሚሄደውን የሕመም ወሬ የሚያሳልፍና የሚከለክል እንደ በር ያለ ነገር አለ፤ የመዳሰስ ስሜት ሲገባበትም በሩ ለሕመሙ ይጠባል። ልጅ ሲወድቅ እናቱ የተመታውን ቦታ እሽት እሽት የምታደርግለት ያለ ነገር አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ ግን ደህና የሆንሁበት ቀን ነው። ሕመሙ ቀለል ባለኝ አንድ ቀን የተጠራቀመብኝን ሥራ ልጨርስ ብዬ አንድ ረጅም የፍርድ ግልባጭ ከጧት እስከ ማታ ሳልነሣ ጻፍሁ፤ በዚያው ቀን ማታም አንድ ከረጢት ጤፍ ከደጅ ወደ ጓዳ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ተኛሁ። ጠባሳ በሦስት ወር ውስጥ ከጤነኛው ቆዳ ጕልበት 80 ከመቶ ያህል ያገኛል ይባላል፤ ሙሉውን ግን ምንጊዜም አያገኝም። አሁን የምሠራው በሰዓት ነው። ደህናም ብሆን ባልሆንም 25 ደቂቃ ከጻፍሁ በኋላ ተነሥቼ እስከ በረንዳው ደርሼ እመለሳለሁ፤ ባለጉዳዮች መጀመሪያ ተገርመው ነበር፤ አሁን ለምደውታል። የንስሐ አባቴም ስግደቱን ተሸሽጌ አበዛው እንደ ነበር ባወቁ ጊዜ ተቆጥተውኝ፤ እስክድን ድረስ ተቀምጬ እንድጸልይ አዘዙኝ።

አልጋችንንም ወደ መስኮቱ አዞርነው፤ ከመስኮቱ ውጭ አንድ የወይራ ዛፍ አለ። ይህ የሕመምተኛ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ኡልሪክ የሚባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1984 ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ፤ በፔንሲልቫንያ አገር እንደኔ የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ መርምሮ ነበር። እኩሌታዎቹ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩ፤ እኩሌታዎቹ የጡብ ግንብ የሚያዩ ነበሩ። ዛፍ ያዩት ቶሎ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ብርቱ ማስታገሻም የወሰዱት ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ሕመምተኛ ያለባችሁ ቤተ ሰቦች፤ ጸጥታ ያገኛል ብላችሁ በጓዳ ጨለማ ውስጥ አታስተኙት።

ይህን ሁሉ ስል የማይታገሡት ሕመም እንዳለ መናገር አለብኝ። ቍስሉ ቢቀላ፤ ቢሞቅ፤ መግል ቢያወጣ ወይም ትኩሳት ቢነሣ፤ ሲቀንስ የነበረው ሕመም ድንገት ቢበረታ፤ ሲቆሙ ወይም ሲስሉ በጠባሳው ላይ እብጠት ብቅ ቢል፤ አንዱ ባት ብቻ አብጦ ቢታመም፤ ትንፋሽ ቢያጥር፤ እንደኔ ሐሞት ለተቀደደም ሰው ዓይኑ ቢጫ ቢሆን፤ ደብተር የሚጻፍበት ጊዜ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

አሁን አሥራ አንደኛው ወሬ ነው። ልብስ ሲነካኝ የሚለበልበኝ ጠፍቷል፤ በክረምት ብርድና ረጅም ሰዓት በጻፍሁ ቀን ግን ያ ክር ዛሬም ይሳባል።

ባለፈው እሑድ አጎቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፤ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፤ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ተቀምጠው በትራቸውን ካስደገፉ በኋላ «እንዴት ነህ ልጄ፤ ፈጽሞ ተሻለህ?» አሉኝ። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» ካልሁ በኋላ አላቆምሁም፤ «ሌሊት እተኛለሁ፤ ነገር ግን ከምሳ በፊት ከሆዴ ወደ ጀርባዬ ይሳብብኛል፤ በብርድም ይነዝረኛል» ብዬ ጨመርሁ። ባለቤቴ የቡናውን ረከቦት እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። አጎቴ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ ብሽሽቴ ላይ ቡአ ከተቀደድሁ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። በበቅሎ ስቀመጥ ይወጋኛል፤ በቅሎ መቀመጥ የተውሁት ለዚህ ነው። ሽማግሌ ሆኖ ነው ይላሉ፤ እኔም ይበሉ ብዬ ተውኋቸው» አሉኝ።

ቡናው ሦስተኛው ደርሶ ሊሄዱ ሲነሡ፤ በሩ አጠገብ ቆመው «ያ ደብተር ያልኸው፤ እስቲ አሳየኝ» አሉ። ልጄ ሮጣ አመጣችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ገጽ ቆመው አነበቡና፤ በትራቸውን መልሰው አስደግፈው ተቀመጡ።